የሆድ ዘበኞች

በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቁጥራቸው ከገዛ ሰውነቱ ሕዋሳት አያንስም። አንጀቱን ዙሪያውን የሚጠብቁት የመከላከያ ሕዋሳት ደግሞ ባክቴሪያን አሳድደው የሚገድሉ ናቸው። ታዲያ ሁለቱ በአንድ ስስ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ዕድሜ ልካቸውን ሲኖሩ እንዴት አይጣሉም? ያ ሁሉ ዘበኛ ለምን አይተኩስም?

ይህን ጥያቄ ይዞ አንድ ሰው ባሕር ማዶ ተሻግሮ አራት ዓመት ተማረ። ትምህርቱ የሚያልቀው በስድስት ነበር። በአራተኛው ዓመት አንድ ጠዋት የአይጥ አንጀት በማጉያ መሣሪያ ሲያይ «ይህን ሳውቅ ለማን ልነግረው ነው?» የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ሐሳቡም አልለቅ አለው። ሻንጣውን ሸክፎ ተመለሰ። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት ያስተምራል። ሰፈሩም ጊዜ አላባከነም፤ «ግማሽ ዶክተር» ብሎ ስም አወጣለት።

አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ራሱን ሲያመው ግማሽ ዶክተር ወደ መድኃኒት ቤት ገባ። ከፊቱ የዘበኛ ኮት የለበሱ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ ሽማግሌ ቆመዋል። የእናቱ ወንድም ናቸው፤ በክር ፋብሪካው በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆሙት አጎቱ።

«ልጄ» ይላሉ ለሻጭዋ፣ «ያችን ቀይና ጥቁሯን ክኒን አሥራ ሁለት ፍሬ ቁጠሪልኝ።»

«አባባ፣ የሐኪም ማዘዣ ይዘዋል?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት የምጠይቀው እኔ ነኝ። ዛሬ እኔው ልጠየቅ?»

«በርዎ ላይ እርስዎ ይጠይቃሉ፤ እዚህ ደግሞ እኔ።»

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። ሽማግሌው ዞር ሲሉ የእህታቸውን ልጅ አዩት።

«ይኸው ዶክተር መጣ! ግማሽም ቢሆን ይጽፍልኛል።»

«አጎቴ፣ እኔ መድኃኒት ማዘዝ አልችልም።»

«አራት ዓመት ምን ስትማር ነበር ታዲያ? ማንበብ ብቻ?»

«ለማን ነው መድኃኒቱ?»

«ለልጄ ነዋ። ሆዷን ላጥብላት ብዬ ነው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ቤት የለችም። ከወጣች አምስት ቀኗ።»

ግማሽ ዶክተር ራስ ምታቱን ረሳው። ሽማግሌው የምሳ ሰዓት እያለቀባቸው ስለነበር ክኒኑን ሳይገዙ ተያይዘው ወደ ፋብሪካው ሄዱ።

የዘበኛ ክፍሉ ከአልጋ ብዙ አይሰፋም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስኮት፣ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ትልቅ መዝገብ። ግድግዳው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ሃያ ማንጠልጠያዎች ያሉት የቁልፍ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሥሩ የብረት ቁምሳጥን አለ። የጥጥ ብናኝ በሁሉም ነገር ላይ እንደ ስስ በረዶ አርፏል።

ሽማግሌው እንግዳቸውን በርጩማው ላይ አስቀምጠው እሳቸው ቆመው ነገሩን ዘረገፉት። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከስድስት ወር ወዲህ ሆዷ እየቆረጠ፣ ደም እየቀላቀለ በቀን አሥር ጊዜ ከስፌት መኪናዋ ያስነሳታል። አብረው ሐኪም ዘንድ ሄዱ።

«ሐኪሙ ምን አላት መሰለህ? ‹የሰውነትሽ ጠባቂዎች ምንም ያላደረጉ ባክቴሪያዎችን ጠላት ብለው አንጀትሽን አቆሰሉት፤ ይህ መድኃኒት ጠባቂዎቹን ያረጋጋቸዋል› አላት። እስቲ ፍረድ! ሌባ ቤት ገብቷል ተብሎ ዘበኛውን የሚያስተኛ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«መድኃኒቱን ምን አደረጉት?»

ሽማግሌው ወደ ቁምሳጥኑ አላዩም። ላለማየት ብለው አንገታቸውን ማዞራቸው ግን አሳበቀባቸው።

«ቆልፌበታለሁ። በሱ ፈንታ እናቴ እኛን ታጥበን እንደነበረው ላጥብላት አሰብኩ። ቤታችን ታውቀዋለህ፤ የወር መጀመሪያ እሑድ ሁሉም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣል፣ ሦስት ቀን ደግሞ ባክቴሪያ የሚገድለውን ቀይና ጥቁር ክኒን ይወስዳል። ልጄ በጡት እያለች የጀመርኩላት ነው። ንጹሕ ሆድ አይታመምም።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹አባዬ፣ እኔ በር አይደለሁም፤ አትቆልፍብኝ› አለችኝ። ቦርሳዋን ይዛ ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች። ስልክ አታነሳም።»

ግማሽ ዶክተር ተነሥቶ ቁልፉን ከሰሌዳው ሊነጥቅ ቃጣው። መድኃኒቱ ከሐኪም ቤት በወር አንዴ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ልጅቱ ያለ እሱ አምስት ቀን ቆይታለች፤ እየደማች ነው። ነገር ግን ነጥቆ ቢልክላትስ? የሚቀጥለው ወር ካርቶን ደግሞ ይቆለፍበታል። አባቷ ካላመኑ ወይ ከቤቷ ወይ ከመድኃኒቷ መለየቷ አይቀርም። ስለዚህ ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ የተማረውንም መናገር ጀመረ። ስለ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት፣ ስለ ምልክት አስተላላፊ ንጥረ ነገሮች፣ ስለ መቻቻል ሥርዓት አብራራ። የዛሬ ሰባት ወር በተማሪዎቹ ፊት እንዳብራራው ነበር፤ ያኔም አልገባቸውም።

ሽማግሌው ጨርሰው ሰሙትና «አማርኛህም ግማሽ ሆኗል» አሉ።

ይህን ጊዜ የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ። ሽማግሌው ወጥተው በሩን ከፈቱ። የከሰዓቱ ፈረቃ ሠራተኞች መታወቂያቸውን እያሳዩ አለፉ። አንድ ወጣት ሱሪውን ይዳብስ ጀመር፤ ሽማግሌው ወደ ዳር አስቆሙት። ከኋላ ትልቅ ከረጢት ያዘለች፣ እጇ ላይ ቀይ ክር ያሠረች ጠና ያለች ሴት መጣች። መታወቂያ አላሳየችም። «እንደምን ዋልክ የበሩ ጌታ» ብላ አለፈች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ግማሽ ዶክተር በመስኮቱ አይቶ ነበር። ሲመለሱ ጠየቃቸው።

«አጎቴ፣ ያች ሴት ወረቀት የላትም። ለምን አሳለፏት?»

«እሷን? እሷ ብናኝ ለቃሚ ናት። ሰባት ናቸው። ማሽኖቹ የሚተፉትን ብጥስጣሽ ክርና ብናኝ በግንቡ ቀዳዳ በኩል ተቀብለው ይወስዳሉ፤ ትራስ ይሞሉበታል።»

«የፋብሪካው ሠራተኛ አይደለችም። እንግዳ ናት። ዘበኛ እንግዳን አያባርርም?»

«ኧረ አንተ ልጅ!» ሽማግሌው በቁጣ ጠረጴዛውን መቱት፤ ብናኙ ተነሣ። «እሱን ያደረጉት ጊዜ ፋብሪካው ተቃጥሏል! የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የክር ጥቅል ይጠፋ ነበር። አለቆቹ እኛ ነባሮቹን አንሥተው እኔን ወደ ጓሮ መጋዘን ላኩኝ። አሥራ ሁለት አዲስ ዘበኛ አመጡ። ጎረምሶች፣ ዱላቸው አዲስ፣ ማንንም የማያውቁ። ‹ወረቀት የሌለው አይገባም› ተባለ። ለቃሚዎቹ ተባረሩ። የእንፋሎት ክፍሉ ሽማግሌ መታወቂያውን ቢረሳ በዱላ አሉት፤ እጁ ተሰበረ። ሠራተኛው ሲያይ ሥራ አቆመ። ብናኙን የሚያነሣ ጠፋ፤ ከማሽኑ ሥር እንደ ክምር ተቆለለ። በዘጠነኛው ቀን አንድ ማሽን ጋለ፣ ብልጭ አለ፣ የአዳራሹ ሲሶ ነደደ።»

«ሌባውስ?»

«ሌባው!» ሽማግሌው ምሬት የቀላቀለ ሳቅ ሳቁ። «ሌባው ያን ሁሉ ቀን በጓሮ ግንብ ሲዘልል ነበር። ዱሮ ከግንቡ ሥር ለቃሚዎቹ ይቀመጡበት ስለነበር ቦታ አያገኝም። እነሱ ሲባረሩ ሰፋለት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እንግዲህ ይኸው ነው።»

ግማሽ ዶክተር ከበርጩማው ተነሥቶ ቆመ። ባሕር ማዶ አራት ዓመት የፈለገውን ነገር አጎቱ በዚህ ብናኝ በሞላበት ክፍል ጠረጴዛውን እየደበደቡ ይነግሩት ነበር።

«አጎቴ፣ አሁን የነገሩኝ የልጅዎን አንጀት ነው።»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። ባቄላውን፣ ገብሱን፣ ጎመኑን ስንበላ ሰውነታችን ሊፈጨው የማይችል ገለባ ይተርፋል። በትልቁ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች ያንን ይለቅማሉ፤ ለቅመውም የአንጀቱ ግድግዳ የሚመገበውን፣ ጠባቂዎቹንም የሚያበርደውን ነገር ይሠራሉ። ቦታውን ስለያዙም ክፉው ተሕዋስ ሲመጣ መቀመጫ ያጣል። እንግዶች ናቸው፤ ግን ብናኝ ለቃሚዎች ናቸው።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበሱ። «እሺ። እኔ ለቃሚዎቹን በመልካቸው አውቃቸዋለሁ። ሆድ ዓይን አለው? በምን ይለያቸዋል?»

«እርስዎ አዲስ ዘበኛ ሲመጣ እንዴት ያስተምሩታል?»

«ሁለት ሳምንት ከጎኔ አስሄደዋለሁ። ግቢውን አዞረዋለሁ። ‹ይችን እያት፣ የኛው ናት› እለዋለሁ። እስኪለምድ ዱላ አልሰጠውም።»

«በአንጀት ግድግዳ ውስጥም እንደርስዎ የሚዞሩ ሕዋሳት አሉ። እጃቸውን አሾልከው ካለው ነገር ቁራጭ ያነሣሉ፤ ወደ መሰብሰቢያው ይዘው ይሄዳሉ፤ ለአዲሶቹ ያሳያሉ። ግቢው ሰላም ሆኖ ሳለ የታየውን ‹የኛው ነው› ብለው ይማሩታል። ከዚህ ትምህርት ዱላ የማይሰጣቸው ጠባቂዎች ይወጣሉ። ሥራቸው መምታት አይደለም፤ ሊመታ የተነሣውን ‹ተው› ማለት ነው።»

«የዘበኛ ዘበኛ በለኛ!»

«ልክ ነው። የዚያች ለቃሚ እጅ ላይ ያለው ቀይ ክር ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ የማስርላቸው። ቀይ ክር ያሠረች እስከ ግንቡ ቀዳዳ ትደርሳለች፤ ወደ ማሽን አዳራሹ ግን አትገባም።»

«አንጀትም ባክቴሪያዎቹን እንዲሁ ምልክት ያለብሳቸዋል። አይገድላቸውም፤ ግድግዳው ላይ እንዳይለጠፉ ይይዛቸዋል። በነሱና በግድግዳው መካከል ደግሞ የሚያዳልጥ ዝልግልግ ንጣፍ አለ፤ እሱ ግቢዎ ነው። አንዷ ለቃሚ አዳራሹ ውስጥ ብትገኝስ?»

«ፊሽካ እነፋለሁ፤ ይዤም አስወጣለሁ።»

«እዚያም ፊሽካው ይነፋል። መታገሥ ማለት መተኛት አይደለም አጎቴ። የዱሮ ሰው ‹ሆድ ከአገር ይሰፋል› ያለው በከንቱ አይደለም።»

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ተረቱ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ሠላሳ አንድ ዓመት ምክንያት ሲደረደርላቸው ኖረዋል፤ ያማረ ምክንያት ሲሰሙ ኪስ ይፈትሻሉ።

«ምሳሌህ አማረ» አሉ። «አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። የልጄ ዘበኞች ለምን አበዱ?»

ግማሽ ዶክተር የሚለው ነገር ሞልቶት ነበር። ዘር ነው፣ ምግብ ነው፣ ንጣፉ ሳስቶ ነው ማለት ይችላል። እያንዳንዱም ግማሽ እውነት ይሆናል።

«አላውቅም» አለ። «የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም። ትቼ የመጣሁትም አንዱ በዚህ ነው።»

ሽማግሌው በመስኮቱ አሻግረው አዩ። ዳር ያቆሙት ወጣት መታወቂያውን ጫማው ውስጥ አግኝቶ በደስታ እያውለበለበ ነበር።

«እዚህ በር ላይ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የሚዋሽ ሰው መልስ አያጣም። የሰረቀውም፣ ያረፈደውም፣ የሰከረውም መልሱን አዘጋጅቶ ይመጣል። አላውቅም ብሎ የዋሸኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ዶክተር ቆሞ ነበር።

«እኔ እሆን ያሳበድኳቸው? በየወሩ ሳጥባት፣ በየወሩ ለቃሚዎቹን ሳባርር... ሕፃን ሆና ዘበኞቿ ገና ግቢውን ሲዞሩ?»

ይህ ከባድ ጥያቄ ነበር። ማጽናናት ቀላል ነው፤ መውቀስም ቀላል ነው።

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። በየወሩ ታጥበው ያልታመሙ አሉ፤ አንድም ቀን ሳይታጠቡ የታመሙ አሉ። በአንድ ልጅ ላይ ቆርጦ መናገር አይቻልም። ክኒኑ ራሱ ጠላት አይደለም፤ የሳንባ ምች ለያዘው ሰው ሕይወት ነው። ያለ ሐኪም፣ ያለ ሌባ፣ በየወሩ ሲሆን ነው ፋብሪካውን የሚያቃጥለው። የትናንቱን ልመልስልዎ አልችልም። ዛሬ ግን ልጅዎ ደጅ ላይ አዲሶቹ ጎረምሶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። ያ ካርቶን ዱላቸውን የሚያስቀምጥ ነው።»

ሽማግሌው ተነሡ። ከአሥራ አራተኛው ማንጠልጠያ ቁልፍ አወረዱ፤ ቁምሳጥኑን ከፈቱ። ነጩ ካርቶን ከአሮጌ ፊሽካና ከሁለት የባትሪ ድንጋይ ጎን ተቀምጦ ነበር። ከሱ ኋላ ከየወሩ የተረፉ ቀይና ጥቁር ክኒኖች በብልቃጥ ሞልተዋል። ብልቃጡንም አወጡ።

«ይህን ለዚያች ምላሰኛ የመድኃኒት ሻጭ እመልስላታለሁ። ልክ ነበረች። ግን አትንገራት፤ ኮቴን አታከብርልኝም።»

ብናኝ ለቃሚዋ ከረጢቷን ሞልታ ስትወጣ ጠሯት። ልጅቱ ያረፈችባት ጓደኛ ከለቃሚዋ ቤት ሁለት በር ተሻግሮ ነው የምትኖረው። ሽማግሌው ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«በእጇ ስጪልኝ። በሌላ ሰው እጅ እንዳይሆን።»

«ለምን ራስህ አትወስድላትም የበሩ ጌታ?»

«በሩን የቆለፍኩባት እኔ ነኝ። እስክትከፍትልኝ ደጅ እጠናለሁ።»

ሴትየዋ ካርቶኑን በብናኙ መካከል ደብቃ ሄደች። ሽማግሌው መዝገቡን ገልጠው ከወጪ ዕቃ ሥር «አንድ ካርቶን መድኃኒት፣ ተረካቢ ልጄ» ብለው ጻፉ። ከዚያም ስልካቸውን ለእህታቸው ልጅ ዘረጉ።

«እኔ የምልህን ጻፍ። ቃሌን አታሳምር።»

መልእክቱ ይህ ነበር፦

«ልጄ። መድኃኒትሽን በለቃሚዋ እጅ ልኬአለሁ። ሐኪሙ እንዳለሽ ውሰጂ፤ ዳግመኛ ወደ እሱም ተመለሺ፣ የተቋረጠብሽን ቀን ንገሪው። ተሳስቼ ነበር። ሆድሽ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሌቦች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ለቃሚዎች ናቸው። ዘበኞችሽ ሲረጋጉ ደሙ ይቆማል ብሎ ሐኪሙ ተስፋ ያደርጋል፤ ስፌትሽ ላይ ሳትነሺ ትውያለሽ፣ የበላሽውም ይስማማሻል። ቁስሉ ሲድን፣ ሐኪሙ ሲፈቅድልሽ፣ ባቄላና ጎመን እየበላሽ ለቃሚዎቹን ትመግቢያቸዋለሽ። የወር መጀመሪያ እሑድ ከእንግዲህ በቤታችን ማንም ሆዱን አያጥብም። እጅ ግን በሳሙና እንታጠባለን፤ ውኃም እናፈላለን፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ቁምሳጥኑን ከፍቼ ትቼዋለሁ። አባትሽ።»

«‹ናፍቀሽኛል› ልጨምርበት?» አለ ግማሽ ዶክተር።

«ቃሌን አታሳምር አልኩህ» አሉ። መለስ ብለው ደግሞ፣ «እሺ፣ ጨምር።»

በማግስቱ ለቃሚዋ ስትገባ ሽማግሌው ከበሩ ወጥተው ጠበቋት። ለቃሚዋ እንደነገረቻቸው ልጅቱ ከስታለች፤ ካርቶኑን በእጇ ተቀብላ፣ ከፍታ ቆጥራ፣ አንዱን ፍሬ እዚያው በውኃ ዋጠች። ምን አለች? ለአባቷ የላከችው ቃል የለም፤ ለቃሚዋን አመስግና በሩን ዘጋች።

ግማሽ ዶክተር በሚቀጥለው ሳምንት ለተማሪዎቹ ስለ አንጀት ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ የፋብሪካ በር ሣለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ወንበር ጥያቄ ተነሣ። የወሩ መጀመሪያ እሑድም መጣ፤ በሽማግሌው ቤት ማንም የሚያስቀምጥ መድኃኒት አልጠጣም፤ ሁለት የጎረቤት ሴቶችም ለምን ብለው ጠየቁ፤ ሽማግሌው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስለ ነደደው እሳት ነገሯቸው። ከሁለቱ ሴቶች ቤት በአንዱም ልማዱ ቀረ።

ሽማግሌው አሁን ፈረቃ ሲለወጥ ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ ያወጣሉ። መልእክቱ ደርሷል፣ ተነቧል ይላል። ከሥሩ ግን ምንም የለም።